እያሳቀ የሚያሳፍር ማንጋ፦ ልተወው ወይስ ላንብበው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 23 ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የጃፓን ሮማንቲክ ኮሜዲ ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) በጣም እወዳለሁ። ራንማን፣ ላቭ ሂናን፣ ሃና ዮሪ ዳንጎን አንብቤ ጨርሻለሁ። ግን እያነበብኩ የሳቅሁበት ነገር በኋላ ያሳፍረኛል። ወንዱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ራቁቷን ያያታል፣ እሷ በቡጢ ትለዋለች፤ ሌላው በግድ ይስማታል፣ መጨረሻ ላይ ይዋደዳሉ። ጓደኞቼ እንዲያውቁብኝ አልፈልግም። ልተወው? ወይስ ራሴን ሳላታልል የማነብበት መንገድ አለ? የ14 ዓመት እህቴም ስልኬ ላይ አይታ ‹ስጪኝ› እያለች አስቸግራኛለች። የቱን ልስጣት? እባክዎ ያስረዱኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መተው የለብሽም። «ቀልድ አይደል እንዴ» እያልሽ ጥብቅና መቆምም አይጠበቅብሽም። የሚያስቅሽና የሚያሳፍርሽ ነገር አንድ ገጽ ላይ ስለተገኙ አንድ ይመስላሉ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። ያንቺ ሥራ እነሱን መነጣጠል ነው። ከዚያ በኋላ አሳፋሪው ቢወጣለትም ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሥራ የትኛው እንደሆነ፣ ያለ እሱ ባዶ የሚቀረውም የትኛው እንደሆነ ራስሽ ትለይዋለሽ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጃፓን ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ነገሮች ለምን እንደሚደጋገሙ ካላወቅሽ ደራሲዎቹ በሙሉ ባለጌ ይመስሉሻል። ከባለጌነቱ ግን የሥራው ጫና ይበልጣል። የፍቅር ኮሜዲ የሚጽፍ ሰው ጭንቀቱ ፍቅርን ማስጀመር ሳይሆን ማዘግየት ነው። ሁለቱ እንደሚዋደዱ አንባቢው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ያውቃል፤ ቁጭ ብለው አምስት ደቂቃ ቢነጋገሩ ታሪኩ አለቀ። በሳምንታዊ መጽሔት የሚሠራ ደራሲ ደግሞ በየሳምንቱ ከ18 እስከ 20 ገጽ ማስረከብ አለበት። ዘጠኝ ዐሥር ምዕራፍ ሲጠራቀም 190 ገጽ ገደማ ያለው አንድ ቅጽ ይወጣል፤ ሥራው ከተወደደ 14፣ 25፣ 38 ቅጽ ድረስ ይሄዳል። ሾነን ጃምፕን በመሰሉ መጽሔቶች አንባቢው የወደዳቸውን ሦስት ሥራዎች ከመጽሔቱ ጋር በመጣች የፖስታ ካርድ ላይ ሞልቶ ይልካል፤ ደረጃው የወረደ ሥራ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ደራሲው በየሳምንቱ ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ጥንዶቹን አለማገናኘት፣ ግን ደግሞ በ19 ገጽ ውስጥ አንባቢውን ቢያንስ አንዴ ማስደንገጥ።

ሳይታሰብ የተከፈተ የመታጠቢያ ቤት በር ሁለቱንም ይሠራለታል። ዝግጅት አይፈልግም፤ ሁለት ገጽ ይበቃዋል፤ ከሁሉም በላይ ምንም ነገር አይለውጥም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ ይገኛል። ተሰናክሎ ደረቷ ላይ መውደቅ፣ የሌላ ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ መንቃት፣ በአጋጣሚ የተገናኘ ከንፈር፣ ሁሉም የዚሁ ብልሃት ዘመዶች ናቸው። የበዙት ርካሽ ስለሆኑ ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። ሾነን ጃምፕ በተመሠረተበት በ1968 ደራሲው ጎ ናጋይ «ሃሬንቺ ጋኩኤን» የተባለ ሥራ ጀመረ። መምህሩም ተማሪውም የልጃገረዶችን ቀሚስ ሲገልብ የሚውልበት ትምህርት ቤት ነው። ሕፃናት ነገሩን በየትምህርት ቤታቸው ጨዋታ አደረጉት፤ የወላጆች ማኅበራት ተቃውሞ አስነሡ፤ መጽሔቱ ግን ተሸጠ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1978፣ ሩሚኮ ታካሃሺ በ«ኡሩሴይ ያትሱራ» ቀመሩን አሟላችው። ቀሚስ የለበሰ ሁሉ የሚያስሮጠው አታሩ ባለገ ቁጥር፣ «ባሌ ነው» የምትለው የሌላ ፕላኔት ልጅ በኤሌክትሪክ ታንዘረዝረዋለች። ባለጌው ይቀጣል፤ አንባቢው ይስቃል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

እዚህ ላይ ቆም በይ፤ የጥያቄሽ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ያ ቅጣት ከጊዜ በኋላ ፈቃድ ሆነ። አንባቢው መጀመሪያ ሥዕሉን ያያል፣ ቀጥሎ ጥፊውን። ጥፊው «ሒሳብ ተወራርዷል» ያሰኛል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ማየት ይቻላል። ሾልኮ የሚያይ ወንድና በቡጢ የምትማታ ሴት ሁልጊዜ አብረው የሚመጡት ለዚህ ነው። ጥፊውን ብታወጪው ማየቱ አያስቅም፤ ማየቱን ብታወጪው ጥፊው ጭካኔ ይሆናል። አንዱ የሌላው ሰበብ ነው። «እሷም እኮ ትመታዋለች» የሚለው መከራከሪያ የማያረካሽ ከሆነ ትክክል ነሽ፤ ድብደባው ለእሷ ተብሎ የገባ አይደለም።

አሁን ወደ መነጣጠሉ እንግባ። አንድ ምዕራፍ ካነበብሽ በኋላ የሚያሳፍረውን ትዕይንት በሐሳብሽ ቆርጠሽ አውጪውና ምን እንደጎደለ እይ። ይህችው ታካሃሺ በ1987 የጀመረችው ራንማ ለዚህ ይመቻል፤ ሁለቱም ዓይነት አለበትና።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ አስታውሺ። ራንማ ቻይና ውስጥ የተረገመ ምንጭ ውስጥ ወድቋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሴት ይሆናል፣ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ወደ ወንድነቱ ይመለሳል። ዝናብ መትቶት ሴት ሆኖ ቴንዶ ቤት ይደርሳል። ወንድ አማች ይጠብቁ የነበሩት ቤተሰቦች ሲደናገጡ ልጅቷን በደስታ የምትቀበላት አካኔ ብቻ ናት። ጓደኛ እንሁን ትላለች፣ አብረው ይፋለማሉ፣ ትስቃለች። ከዚያ ራንማ ሊታጠብ ይገባል፤ ውሃው ሙቅ ነው። በሩን ከፍታ የምትገባው አካኔ ራሷ ናት፤ ፊቷ የቆመው ደግሞ የማታውቀው ወንድ ነው። በኋላ ማን ማንን አየ የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል፣ ሁለቱም ተበዳይ ነኝ ይላሉ። ይህን ትዕይንት ብታወጪው ምን ይቀራል? አካኔ ከሰዓታት በፊት ያገኘቻትን ጓደኛ የምታጣበት ቅጽበት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ራንማን ለምን እንደምትቆጣው አይገባሽም። ስለዚህ በሩ ሥራ አለው፤ ቀልዱም በገላዋ ላይ ሳይሆን በሁለቱም ድንጋጤ ላይ ነው።

እዚያው መጀመሪያው ቅጽ ላይ አንድ ሌላ አለ። ኩኖ የሚባለው ተማሪ «አካኔን መውደድ የፈለገ በፍልሚያ ያሸንፋት» ብሎ አውጇል፤ በዚህ ምክንያት በየማለዳው የወንዶች መንጋ ትምህርት ቤት በር ላይ ይጠብቃታል። ሁሉንም ዘርራ ትገባለች፤ ያስቃል። ደግመሽ ስታነቢው ግን አንዲት ልጅ ክፍል ለመግባት በየቀኑ መደባደብ አለባት ማለት ነው። ታካሃሺ ይህን ያወቀች ይመስላል፤ አካኔ «ወንድ እጠላለሁ» ስትል አንባቢው ምክንያቱን በዓይኑ አይቷል። ብልሃቱ ለባሕርይዋ መሠረት ሆኗል።

ከዚያ ደግሞ የውስጥ ልብስ የሚሰርቀውን ሽማግሌ፣ ሃፖሳይን፣ ውሰጂ። የእሱን ስርቆት ከምዕራፉ ብታወጪው የሚጎድል የለም፤ እንዲያውም ታሪኩ ይፈጥናል። እሱ ሳምንት መሙያ ነው። ስለዚህ ራንማን «እወደዋለሁ» ስትዪ ሃፖሳይንም አብረሽ መሸከም የለብሽም። ገጹን አልፈሽ ሂጂ፤ ምንም አያመልጥሽም።

ይህ ፈተና ላልሠራልሽ ምዕራፍ ሌላ መንገድ አለ፤ የሥዕል ሣጥኖቹን መጠን እይ። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ሲነበብ ዓይንሽ የሚያርፍበትን ደራሲው በሣጥን ስፋት ይወስናል። በሩ ሲከፈት ግማሽ ገጽ ለገላዋ፣ የጥፍር ያህል ሣጥን ደግሞ ለፊቷ ከተሰጠ፣ ገጹ ስለ ድንጋጤዋ አይደለም፤ እንድታዪ ተጋብዘሻል። ፊቷ ሰፍቶ ገላዋ በእንፋሎት ወይም በጥቁር ጥላ ከታለፈ ቀልዱ በድንጋጤዋ ላይ ነው። ከማን ትከሻ ጀርባ እንደምታዪም ተመልከቺ፤ ወንዱ ራሱ ያላየውን አቅጣጫ ለአንቺ የሚያሳይ ሣጥን «በአጋጣሚ ነው» የሚለውን ሰበብ ያፈርሰዋል። አጋጣሚው ለእሱ ነበር እንጂ ለሠዓሊው አይደለም።

በዚህ መለኪያ ላቭ ሂና ይከብደዋል። ኬን አካማትሱ ከ1998 እስከ 2001 የሠራው 14 ቅጽ፣ የሴት ልጆች ማደሪያ በሆነ አሮጌ የፍል ውሃ ማረፊያ ውስጥ ነው የሚካሄደው፤ ቤቱ ራሱ የመታጠቢያ ቤት በሮችን ለመክፈት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ኬይታሮ ይገባል፣ ናሩ በቡጢ ወደ ሰማይ ትልከዋለች፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ቀንሰሽ ብታነቢው ግማሹ ይሄዳል። የሚቀረው ግማሽ ግን የምር ጥሩ ነው፦ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና። ኬይታሮ ሁለት ጊዜ ወድቆ ነው ታሪኩ የሚጀምረው፤ በሙከራ ፈተና ከአገር አንደኛ የነበረችው ናሩም ትወድቃለች። ውጤት ለማየት ሰሌዳ ፊት የሚቆሙባቸው ገጾች፣ ማትሪክ ለተፈተነ ሰው ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ላቭ ሂናን ስትወጂ የወደድሽው ይህን ከሆነ እወቂው። የወደድሽው ቡጢውን ከሆነም እወቂው፤ የተሳለ ሰው እንደ ኳስ ሲበር ማየት ያስቃል፣ ሰውነቱ አይሰበርምና። ያ ሳቅ ወንጀል አይደለም። የሚያስቸግረው ሣቁ ሳይሆን በቀጣዩ ምዕራፍ ናሩ የመቆጣት መብቷን እንደገና ከዜሮ መጀመሯ ነው፤ 14 ቅጽ ሙሉ ተቆጥታ አንድም ቀን አትሰማም።

ሃና ዮሪ ዳንጎ ከእነዚህ ይለያል፤ የተጻፈው በሴት፣ ለሴት ልጆች፣ በሾጆ መጽሔት ነው። ዮኮ ካሚዮ በ1992 ጀመረችው። የድሃ ቤተሰብ ልጅ የሆነችው ትሱኩሺ የሀብታሞች ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ዶምዮጂ የሚባለው ጉልበተኛ መቆለፊያ ሣጥን ላይ ቀይ ወረቀት የለጠፈበት ተማሪ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ይታደናል። እሷ ግን አትሸሽም፤ በቡጢ ትመልስለታለች፤ በዚህ ይወዳታል። የዚህ ሥራ ሞተር የመደብ ቀልድ ነው። ቤተሰቦቿ «ሀብታም አግቢና አውጪን» እያሉ ሲያጨናንቋት፣ የዶምዮጂ እናት ደግሞ በገንዘብ ከልጇ ልትለያት ስትሞክር፣ መሐል ላይ የምትንገታገተው ልጅ ናት የምታስቀው። ይህ ሁሉ በግድ መሳም ሳይኖር ይቆማል። ስለዚህም ነው በ2001 ታይዋን፣ በ2005 ጃፓን፣ በ2009 ደቡብ ኮሪያ በተከታታይ ድራማ የሠሩት፤ የኮሪያውን ቀድመሽ አይተሽው ይሆናል።

መጀመሪያዎቹ ቅጾች ላይ ዶምዮጂ በኃይል የሚይዛት ቦታ ግን አለ፤ ታሪኩም ያንን እንደ ፍቅር መጀመሪያ አድርጎ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ምክሬ ከሃፖሳይ ይለያል፤ አትዝለዪው። ዘለሽ ካለፍሽ ኋላ የሚመጣውን ጨዋ ዶምዮጂ ያለ ዕዳ ነው የምትቀበዪው። አንብቢው፣ ስሙን ጥሪው፣ ከዚያ በየቅጹ «ይቅርታ ጠየቀ ወይ? ምን ከፈለ?» እያልሽ ተከታተዪ። ሥራው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው፤ ሰውየው ይለወጣል፣ ያ ቀን ግን በወጉ ሳይነሣ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ጀግና ለምን ይጥማል ብለሽ ራስሽን የምትወቅሺ ከሆነ፣ አንባቢዋ የምትወደው መገደዱን አይደለም። የምትወደው እርግጠኝነቱን ነው፤ ይህ ሰው እንደሚፈልጋት አንድም ጥርጣሬ የለም። ደግሞም መጽሐፉን የምትዘጋው እሷ ናት። እጁን ግድግዳው ላይ ጠፍ አድርጎ መንገድ የሚዘጋባት ወጣት፣ ጃፓኖች ካቤዶን የሚሉት፣ በ2014 የዓመቱ መነጋገሪያ ቃላት ዝርዝር ውስጥ እስኪገባ ድረስ ፋሽን የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በወረቀት ላይ ግድግዳውም ወንዱም በአንባቢዋ እጅ ናቸው።

እኛ አገር ለሚያነብ ሰው ግን ይህ ቦታ ሌላ ክብደት አለው፤ አይካድም። ጠለፋ ተረት አይደለም። በድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክሱ ይቀር ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ነው ያንን ቀዳዳ ዘግቶ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያደረገው። «አስገደዳት፣ ኋላ ተዋደዱ» የሚል ታሪክ ሲያሳቅቅሽ ከመጠን በላይ ተጠንቅቀሽ አይደለም። ቶኪዮ ያለችው አንባቢ ሳታየው የምታልፈውን አንቺ ታዪዋለሽ፤ ያ ንባብሽን ያበላሸዋል ብለሽ አትፍሪ።

ስለ ዕድሜ አጠር አድርጌ ልለፍ። መምህርና ተማሪ፣ አሳዳጊና ያሳደጋት ልጅ፣ ጎልማሳና ታዳጊ በማንጋ ሞልተዋል። ጃፓን ከ1907 ጀምሮ 13 ዓመት የነበረውን የፈቃድ ዕድሜ ወደ 16 ያሳደገችው በ2023 ነው፤ ከዚያ በፊት ታዳጊዎችን ይጠብቁ የነበሩት ባብዛኛው የየክፍላተ ሀገሩ ደንቦች ነበሩ። እዚህ ላይ መለኪያው አንድ ነው፤ ትልቁ ሰው ምን ያደርጋል? የ17 ዓመቷ አኪራ የ45 ዓመት አለቃዋን የምትወድበትን «ኮዪ ዋ አሜአጋሪ ኖ ዮ ኒ» ከመግቢያው ብቻ ካየሽው ትጥዪዋለሽ። 10 ቅጽ ነው፤ ሰውየው አይጠቀምባትም፣ ሁለቱም ወደ ተዉት ነገር፣ እሷ ወደ ሩጫዋ እሱ ወደ ጽሑፉ፣ ይመለሳሉ። በተቃራኒው «ኡሳጊ ድሮፕ» የ30 ዓመት ሰው የ6 ዓመት ሕፃን የሚያሳድግበት እጅግ የሚያምር ታሪክ ሆኖ ይጀምርና ዐሥር ዓመት ዘሎ ልጅቷ አሳዳጊዋን እንድታፈቅር ያደርጋል። 4ኛው ቅጽ ላይ አቁሚ። ዝላዩ የሚጀምረው 5ኛው ላይ ነው፤ በ2011 የተሠራው 11 ክፍል አኒሜም (የካርቱን ፊልሙም) እዚያ አይደርስም። ደራሲው የጨረሰበት ቦታ ድረስ የመሄድ ግዴታ የለብሽም።

አንድ ወንድ በአምስት ሴት የሚከበብበት ዓይነት እኔን ብዙም አያሳስበኝም፤ ጉዳቱ ከሥነ ምግባር ይልቅ በአጻጻፍ ላይ ነው። ደራሲው ማንንም ላለማስቀየም ሁሉንም ያንጠለጥላል፣ መጨረሻው ላይ ይጣደፋል። «አምስቱ መንትዮች» በመባል የሚታወቀው የኔጊ ሃሩባ ሥራ (ከ2017 እስከ 2020፣ 14 ቅጽ) ከዚህ ያመለጠው ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «ሙሽራዋ የቷ ናት?» የሚል እንቆቅልሽ ስላደረገው ነው። ያልተመረጡት ልጆች በሚቀጥለው ምዕራፍ ምን እንደሚሠሩ እይ፤ የራሳቸው ሥራና ፍላጎት ካላቸው ጥሩ ነው፣ እያለቀሱ ከገጹ ከጠፉ ግን እስከዚያ ድረስም ሰው አልነበሩም።

ማዘግየት ያለ እነዚህ ሁሉ ብልሃቶች ይቻላል ወይ ብትዪ ይቻላል፤ ታካሃሺ ራሷ አድርጋዋለች። «ሜዞን ኢኮኩ» (ከ1980 እስከ 1987፣ 15 ቅጽ) ውስጥ የሚያዘገየው ሐዘን ነው። የማደሪያው ኃላፊ ኪዮኮ ወጣት ባሏ ሞቶባታል፤ ውሻዋን እንኳ የምትጠራው በባሏ ስም ነው። ጎዳይ የሚወዳት ለፈተና የሚዘጋጅ ተከራይ ሆኖ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ይመረቃል፣ ሥራ ፍለጋ ይንከራተታል፣ ዕድሜ በእውነት ይሄዳል። ጎረቤቱ ግድግዳ በስቶ ሲመጣበት የሚሾልከው የጎዳይን ክፍል ለማየት ነው፤ ያውም ከምግቡ ለመካፈል። ከአዲሶቹ ደግሞ «ካጉያ ሳማ» (ከ2015 እስከ 2022፣ 28 ቅጽ) የሚያዘገየው ኩራት ነው። ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች «መጀመሪያ ወደድኩህ ያለ ተሸነፈ» ብለው ስለሚያምኑ አንዲት የሲኒማ ትኬት ለመጋበዝ 20 ገጽ ጦርነት ይገጥማሉ። ሣቅሽ የሚመጣው ከማዘግየቱ መሆኑን ለማረጋገጥ ከፈለግሽ እነዚህን ሞክሪ። እንደ ላቭ ሂና ካሳቁሽ፣ ስትወጂው የኖርሽው መታጠቢያ ቤቱን አልነበረም። ከቀዘቀዙብሽ ደግሞ የምትወጂው ድንጋጤውንና ግርግሩን ነው፤ ያንንም በወጉ የሚሠሩ አሉ፣ ሳታፍሪ ፈልጊያቸው።

አሁን ስለ አነባበቡ። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሽበት ፍጥነቱ ነው። ሳምንታዊ ማንጋ በምዕራፍና በምዕራፍ መካከል ሰባት ቀን እንዳለ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ተመሳሳዩ ጥፊ በሳምንት አንዴ ሲመጣ ሰላምታ ይመስላል። አንቺ በሁለት ሌሊት 14 ቅጽ ስትጨርሺ ያንኑ ጥፊ መቶ ጊዜ ትቀበያለሽ፤ ቀልዱ አልቆ የሚቀረው ዱላው ብቻ ነው። ከጨረስሽ በኋላ የሚሰማሽ ያ ማቅለሽለሽ ግማሹ ከዚህ ነው። በቀን ከአንድ ቅጽ አትለፊ፤ የድሮዎቹን ደግሞ በሳምንት ሁለት ይበቃል።

አዲስ ሥራ ስትጀምሪ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች አንብቢ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ፍል ውሃው ወይም ወደ ባሕር ዳርቻው ምዕራፍ ዝለዪ። ያለ እሱ የሚሄድ የትምህርት ቤት ኮሜዲ ጥቂት ነው፤ ደራሲው ትክክለኛ ጠባዩን የሚያሳየውም እዚያ ነው። ቀጥሎ መካከለኛውን ቅጽ ክፈቺና ልጅቷ ከወንዱ ሌላ የምትፈልገው ነገር እንዳላት እይ፤ ፈተና፣ ስፖርት፣ ሥራ፣ ምንም ይሁን። ከሌላት የሚቀጥሉት ዐሥር ቅጾችም አይሰጧትም። ሹኤይሻ የተባለው የጃፓን አሳታሚ «ማንጋ ፕላስ» መተግበሪያ ከ2019 ጀምሮ በመታተም ላይ ያሉ ሥራዎችን የመጀመሪያ ሦስትና የቅርብ ሦስት ምዕራፎች በነፃ ያሳያል፤ ከጃፓን፣ ከቻይናና ከደቡብ ኮሪያ በስተቀር ይሠራል፣ አማርኛ ግን የለውም። ለናሙና ይበቃል። አድናቂዎች ተርጉመው የሚለቋቸውን ስታነቢ አንድ ነገር አትርሺ፤ ስድቡን የሚያከርሩ፣ በመሐል የራሳቸውን ቀልድ የሚጨምሩ አሉ። አንድ ንግግር ከመጠን በላይ ካስቀየመሽ በሕጋዊው ትርጉም አመሳክሪው፤ ጥፋቱ የደራሲው ላይሆን ይችላል።

ለጓደኞችሽ መደበቁ አያስፈልግም፤ ግን «አንብቡት፣ ግሩም ነው» ብለሽ ብቻ አትስጪ። የሚያስቀይማቸው ቦታ የት እንደሆነ ቀድመሽ ከነገርሻቸው ያንን አልፈው ያነብባሉ። ካልነገርሻቸው ፍል ውሃው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ አንቺንም አብረው ይታዘቡሻል። «ራንማን አንብቢ፣ ሽማግሌው ሲመጣ ግን ዝለዪ» ማለት ይበቃል።

ወደ እህትሽ ስንመጣ፣ በእንግሊዝኛ የሚታተሙት ቅጾች ጀርባ ላይ የዕድሜ ምልክት አለ፤ 13 እና ከዚያ በላይ፣ 16 እና ከዚያ በላይ፣ 18 እና ከዚያ በላይ የሚል። ጠቃሚ ነው፤ ግን ምልክቱ በዋናነት የሚቆጥረው ራቁትነትን፣ ደምንና ስድብን ነው። ልጅቷን የሚያንጓጥጥ፣ ስልኳን የሚፈትሽ፣ እጇን ጎትቶ የሚወስድ ጀግና አንድም ቁልፍ ሳይፈታ በ13 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ለእሷ ሾጆ ነው ብለሽ በጭፍን አትስጪ፤ እኔ ለ14 ዓመት ልጅ ከአንድ የመታጠቢያ ቤት ቀልድ ይልቅ የሚያሳስበኝ ያ ነው።

በ«ኪሚ ኒ ቶዶኬ» ጀምሪላት፤ 30 ቅጽ ስለሆነ ክረምቱን ይዞላት ይሄዳል። መልኳ ስለሚያስፈራ ሁሉም የሚሸሻት ሳዋኮ መጀመሪያ ጓደኛ፣ ኋላ ፍቅር ታገኛለች፤ ማንም ማንንም አያስገድድም። ቀርፋፋ ናት ብላ ካማረረች «ኦሬ ሞኖጋታሪ» አለላት፤ 13 ቅጽ ብቻ ነው፣ ጥንዶቹ ገና ከመጀመሪያው ይገናኛሉ፣ ግዙፉ ታኬኦ ከፍቅረኛው መሳቅ በቀር ምንም አይፈልግም። «ሎቭሊ ኮምፕሌክስ»ም ያስቃታል፤ ልጅቷ 172፣ ልጁ 156 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 17 ቅጽ ሙሉ በቁመት ይጨቃጨቃሉ። ራንማን ከፈለገች 16 እስኪሞላት ትቆይ ባይ ነኝ፤ ላቭ ሂናን ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ አንቺ እያለሽ። ስልክሽ ላይ ያለውን ግን ዛሬውኑ በይለፍ ቃል ቆልፊው። ሳትነግሪያት ይሁን እንጂ፤ ለ14 ዓመት ልጅ «እንዳታነቢ» ከተባለ ማንጋ የሚጥም የለም።